የዓርቡ የወይን ቅምሻ

ልጄ መሥሪያ ቤቷን ለቅቃ የጉብኝት ድርጅት ልትከፍት እንደሆነ የነገረችን ከእራት በኋላ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ባለቤቴ ግን ምሳ ላይ ነበር ትላለች። እንዲህ ባለው ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ስከራከር ኖሬ፣ አሁን አሁን የእርሷን መቀበል ጀምሬአለሁ። የምቀበለው እርሷ ትክክል ስለሆነች ሳይሆን እኔ ትክክል መሆኔን ማረጋገጥ ስላቃተኝ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ «ምንጭህ ምንድን ነው?» እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅ የኖርኩ የታሪክ መምህር ነኝና፣ በስተርጅና የገዛ ራሴ ምንጭነት አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ ቅሬታ የማቅረብ መብት የለኝም።

የልጄ ሐሳብ የሚከተለው ነበር። ቦሌ ሆቴሎች ውስጥ የሚያርፉ እንግዶች በስብሰባና በበረራ መካከል አንድ ትርፍ ቀን አያጡም። ያንን ቀን በገበያ አዳራሽ ሲዞሩ ከሚያጠፉት፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ወደ ወይን አገር ይወርዳሉ፤ ጠዋት የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያያሉ፤ ቀትር ላይ ከወይን እርሻው መካከል ተቀምጠው ወይን ይቀምሳሉ፤ ማታ ወደ አልጋቸው ይመለሳሉ። የቦሌ አንድ ሆቴል ሐሳቡን ወዶት ነበር። የገበያ ክፍል ኃላፊዋ በአንድ የሙከራ ጉብኝት አብራ ሄዳ እንድታይ ተስማሙ፤ ካማራት የሆቴሉን እንግዶች በሙሉ ለልጄ ሊሰጡ፣ ካላማራት ግን ነገሩ በዚያው ሊቀር። ልጄ ሌላ ደንበኛ አልነበራትም። ይህ ካልተሳካ የሚቀራት የለቀቀችው መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆማ «መልሱኝ» ማለት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ከምታደርግ ብዙ ነገር ብታደርግ ትመርጣለች። በዚህ በኩል እናቷን መስላለች።

ለሙከራው የተከራየችው ኮስተር መኪና መሙላት ነበረበት። እንግዳ ስለሌላት ዘመድ ጠራች። ከእናቷ በኩል የእናቷን የጽዋ ማኅበር ሴቶች ጋበዘች፤ እነዚህ በየወሩ የጻድቁን መታሰቢያ እያዘከሩ አብረው የሚበሉና የሚጠጡ፣ ወሎ ሰፈር አካባቢ የሚኖሩ የተከበሩ እመቤቶች ናቸው። ከባሏ በኩል ደግሞ አማቷንና የአማቷን የጸሎት ቡድን ጋበዘች። አማቷ ከወለጋ መጥታ ሃያ ሁለት ሰፈር ከከተመች ብዙ ዘመን የሆናት ጴንጤ ናት፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ደጃፍ ይደርሳል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ከቦርሳዋ አይለይም፤ እኔንም «ዶክተር» እያለች ትጠራኛለች፤ በምን ያህል አክብሮትና በምን ያህል ፌዝ እንደምትለው ግን እስካሁን ለይቼ አላወቅኩም።

አስጎብኚው እኔ ነበርኩ። የታሪክ ሰው በነፃ ከየት ይገኛል?

የተመረጠው ቀን ዓርብ ነበር። ኃላፊዋ የሚመቻት ዓርብ ብቻ ነበርና ልጄ ሳታስብ እሺ አለች። የማኅበሩ ሴቶች ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ደግሞ ዓርብም ሆነ እሑድ፣ ጠዋትም ሆነ ማታ አልኮል አይቀምሱም። ይህንን ግን አንዳቸውም ለልጄ አልነገሯትም። በኋላ ስንጠይቅ እንደተረዳነው ይሉኝታ ይዟቸው ኖሯል። የማኅበሩ ሴቶች «ልጅቷ በስንት ልፋት ያሰናዳችውን ጾም ነው ብለን እንዴት እናበላሽባታለን፤ የባሏ ወገኖች ይቀምሱላታል» ብለው አሰቡ። የባሏ ወገኖችም «እኛ ባንቀምስ የእናቷ ማኅበርተኞች ጽዋ የለመዱ ናቸው» አሉ። ሁሉም በሌላው ተማምኖ ተሳፈረ።

ጉዞው ሲጀመር ማይክሮፎኑ ተሰጠኝ። ኃላፊዋ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ ወጣት፣ ቁጥብ፣ ጥያቄዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር የምትጨርስ ሴት ናት። ፈጣኑን መንገድ ይዘን እንደሄድን በስተቀኝ አንድ ተራራ ብቅ አለ።

«ዶክተር፣ ይሄ ተራራ ምን ይባላል?» አለች የልጄ አማት ከኋላ።

«ዝቋላ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል? ተራራው ራሱስ እርግጠኛ ነው?»

መኪናው ሳቀ። እኔም አቅጣጫውንና ርቀቱን ካገናዘብን ዝቋላ ላይሆን የሚችልበት ምክንያት ጠባብ መሆኑን አስረዳሁ። ባለቤቴ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ ቀስ ያለች መስሏት፣ «ሲያገባኝም እንዲህ ነበር» አለች። «'አንቺን ሳልወድ አልቀርም' ነው ያለኝ።»

እንደዚያ አላልኩም። ቢያንስ በዚያ አገላለጽ አላልኩም።

ልጄ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጆሮዬ ሥር፣ «አባዬ፣ ሴትዮዋ እየሰማች ነው። ጥርጣሬውን ትንሽ ቀንስልኝ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት፤ እንደምችል ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ቤተ ክርስቲያኑ ከወይን እርሻው ማዶ፣ ከፍ ባለች ኮረብታ ላይ ያለ ክብ ሕንፃ ነው። የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ቅጥሩ በር ላይ ቆሙ።

«እናንተ ግቡና ሳሙ» አለች የልጄ አማት። «እኛ ግራሩ ሥር እንዘምራለን።»

«ቀስ ብላችሁ ዘምሩ» አለች ባለቤቴ፤ «ቄሱ ሰማይ የተከፈተ እንዳይመስላቸው።»

ቄሰ ገበዙ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት አባት፣ በባትሪ እያበሩ አስገቡን። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ሥዕሎቹ በሸራ ተሥለው በመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ብዙዎቹ በጢስና በዘመን ጠቁረዋል። ልጄ ለጉብኝቱ የመረጠችው የቃና ዘገሊላን ሠርግ ነበር፤ ከወይኑ ጋር የሚሄደው እሱ ነውና። የማኅበሩ ሴቶች ወደ ሥዕሉ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው መሳለም ጀመሩ፤ የባትሪው ብርሃንም ከሥዕሉ ይልቅ በነጠላዎቻቸው ላይ ዋለ።

«መቼ ተሣለ?» አለች ኃላፊዋ።

«የቀለሙን ዓይነት ሳይመረምሩ ለማለት ያስቸግራል።»

«ማን ሣለው?»

«ፊርማ የለውም። በዚያ ዘመን ልማዱ፣ ዘመኑን በትክክል ካወቅን ማለቴ ነው፣ ሠዓሊ ስሙን አለመጻፍ ነበር።»

ማስታወሻዋ ላይ አንዲት ነገር ጻፈች። አጭር ነበረች። ልጄ እኔን ሳይሆን ጫማዋን ስትመለከት አየሁ፤ ለነገሩ ጫማ አላደረገችም ነበር፤ እግሯን ማለቴ ነው።

በወይን እርሻው ውስጥ ከዳሱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ጠበቀን። የእርሻው ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ በእያንዳንዳችን ፊት ብርጭቆ ደርድሮ አንዳንድ ጉንጭ ቀዳልን። ብርጭቆው እንዴት እንደሚሽከረከር፣ ወይኑ እንዴት እንደሚሸተት፣ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ከዚያም መዋጥ ለማይፈልግ እንዴት ባልዲው ውስጥ እንደሚተፋ አሳየን። ሲጨርስ «ጤና ይስጥልን» ብሎ ብርጭቆውን አነሣ።

ማንም አላነሣም።

የማኅበሩ ሴቶች የጸሎት ቡድኑን ተመለከቱ። የጸሎት ቡድኑም የማኅበሩን ሴቶች ተመለከተ። ልጄ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ «ዛሬ ዓርብ ነው?» አለች።

«ዓርብ ነው ልጄ» አለች እናቷ። «ግን አንቺ አትጨነቂ። እነዚህ አሉልሽ።»

«እኛ?» አለች አማቷ። «እኛ እናንተን ተማምነን ነው እንጂ የመጣነው። በየወሩ ጽዋ የምታነሡ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«እሱ ጠላ ነው።»

«ጠላና ወይን መቼ ተለያዩና? እንዲያውም እዚያ ውስጥ አሁን ተሳልማችሁት የመጣችሁት ሠርግ ላይ ምን ተጠጣ?»

«ሠርጉ ዓርብ አልነበረም» አለች ባለቤቴ፤ ጉዳዩም በዚህ የተዘጋ መሰላት።

የእርሻው ባለቤት መትፋት እንደሚቻል በትሕትና አስታወሰ። ይህ ደግሞ ሌላ ክርክር ከፈተ። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ጥርስ መፋቅ ጾም ካልሻረ አፍን በወይን መጉመጥመጥም አይሽርም ስትል፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና አጣጥማ የምታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። የልጄ አማት በበኩሏ የሚተፋ ነገር ከመጀመሪያውም ለምን አፍ ውስጥ ይገባል አለች። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ማሽተት አልተከለከለም። እናም ማሽተት ጀመሩ። ብርጭቆ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። አንዷ ያልደረሰ ኮክ ይሸታል አለች፤ ሌላዋ አዲስ የተገዛ ሶፋ ይሸታል አለች። የእርሻው ባለቤት የኋለኛውን በቁም ነገር ተቀብሎ ስለ በርሜሉ እንጨት ማስረዳት ያዘ።

ኃላፊዋ ግን ልጄን ወደ ጎን ሳበቻት፤ እኔም ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ። «እንግዶቼ ለማሽተት አይከፍሉም» አለቻት። «ጠረጴዛው ላይ የሚያጣጥም፣ ስለ ጣዕሙም የሚናገር ሰው ማየት አለብኝ።» ያን ጊዜ የራሷም ብርጭቆ እንዳልተነካ አስተዋልኩ። ማስተዋሌን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም እስከ ዘጠኝ ነኝ።»

ልጄ እጇን አንዴ ከኪሷ ታወጣለች፤ አንዴ ትመልሳለች። በልጅነቷ ፈተና ሊሰጥ ሲል እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ይህንን እንኳ በደንብ አስታውሳለሁ።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መጠጣት የሚችል አንድ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቴን ከምግብ ጋር ስለምወስድ የንስሐ አባቴ ከጾም ሰዓት ነፃ አውጥተውኛል፤ ሐኪሜም ጥቂት ወይን አይጎዳም ብሎኛል። ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሣሁ።

«ጥቂት ማለት ስንት ነው?» አለች ባለቤቴ።

«እንደ ጽንሰ ሐሳብ...»

«ተወው፤ ጠጣ።»

የመጀመሪያው ጥሩ ነበር። ከሁለተኛው ይሻል እንደሆነ ስጠየቅ ለማነጻጸር ወደ መጀመሪያው መመለስ ግድ ሆነብኝ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ ሁለቱንም እንደገና መመርመር ነበረብኝ። በሥነ ዘዴ ረገድ ስሕተት አልነበረውም። ሴቶቹ የተውትን ብርጭቆ አንድ በአንድ እየገፉ አቀረቡልኝ፤ ልጄን ለመርዳት ያላቸው መንገድ ይኸው ብቻ ነበርና። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምተርከው ከሌሎች በሰማሁት ላይ ተመሥርቼ ነው።

ብድግ ብዬ ቆምኩ አሉ። ወደ ኮረብታው ጠቆምኩ አሉ። «በዚያ ሥዕል ላይ» አልኩ፣ «ታዳሚው ሁሉ ጽዋውን አንሥቶ ሳለ አንድ ሰው ብቻ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ጽዋው ሞልቶ ፊቱ ተቀምጧል። ይህ ሰው ሠዓሊው ራሱ ነው። ሥዕሉን የሣለው ዓርብ ቀን ነበር። ይጾም ነበር። እናንተ ዛሬ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያደረጋችሁትን እሱ ቀድሞ አድርጎታል።»

ኃላፊዋ ብዕሯን አቆመች። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ያለ ጥርጥር።»

ባለቤቴ እንደምትለው በትዳራችን ዘመን ሁሉ ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። የማኅበሩ ሴቶች አጨበጨቡ፤ አንዷ እንባዋን ጠረገች። በዘጠኝ ሰዓት ኃላፊዋ ብርጭቆዋን አንሥታ አንድ ጉንጭ ጠጣችና ለልጄ ፈገግ አለችላት። እኔ በዚያን ጊዜ ተኝቼ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሆቴሉ ደወለ። ይስማማል፤ ነገር ግን ያንን የጾመኛውን ሠዓሊ ታሪክ ብሮሸሩ ላይ ማተምና በየጉብኝቱ እንዲተረክ ይፈልጋል። ኃላፊዋ ጉብኝቱን ከሌላ ጉብኝት ሁሉ የሚለየው እሱ ነው ብላለች። ልጄ ቦሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ ካፌ ጠርታ ኬክ ጋበዘችኝ። ኬኩን አልነካሁትም።

«ምነው አባዬ?»

«ያ እጁን ያጣጠፈ ሰው» አልኳት። «አይቼዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ግን ሌላ ቦታ ያየሁት ሥዕል ላይ ሊሆን ይችላል። ወይም አላየሁትም።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «'ያለ ጥርጥር' ብለሃል።»

«ብለሃል ይሉኛል።»

እናቷን ጠየቅን። እናቷ የእመቤታችንን ፊት ስሳለም ጽዋ አልቆጠርኩም አለች። የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ሰውየውን አይተነዋል አሉ፤ በኋላ ስናጣራ ግን ያዩት እኔ ከነገርኳቸው ወዲህ ነው። በሰው ትዝታ ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ እንዲህ በግልጽ ሲረጋገጥ አይቼ አላውቅም፤ ደስታ ግን አልሰጠኝም። የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ እንግዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣሉ። በእጃቸው የታተመ ብሮሸር ይዘው ከሥዕሉ ፊት ቆመው ሰውየውን ቢያጡት፣ ሆቴሉ ፊት የምታፍረው ልጄ ናት።

«ሄደን እንየው» አለች ልጄ። ስለ ጉዞው የሰማችው አማቷ ደውላ እኔም እመጣለሁ አለች። ልጄ ለምን ብላ ጠየቀቻት።

«ሁለታችሁ ብትሄዱ እሳቸው ይጠራጠራሉ፤ አንቺ ትፈሪያለሽ። የሚያይ ሰው ያስፈልጋችኋል።»

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ እንዳለፈው ጊዜ ግራሩ ሥር ትቀመጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጫማዋን አወለቀች፤ ከልጄ ነጠላ ተቀብላ ተከናነበች።

«እንዲህ ሆኜ የቡድኔ ሴቶች ባያዩኝ ይሻላል» አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ፣ «ግቢ ልጄ። እንጀራሽ አይደለም እንዴ?»

ቄሰ ገበዙ ባትሪያቸውን ከፍ አደረጉ። በዚህ ጊዜ የሚሳለም ሰው አልነበረም፤ ብርሃኑ ሥዕሉ ላይ በሙሉ አረፈ። ማዕዱ አለ። ሙሽሮቹ አሉ። የውኃው ጋኖች አሉ። ታዳሚው በሁለት ረድፍ ተቀምጧል፤ ሁሉም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። አንድም የሚጠጣ የለም። አዎ፣ ከአንዱ በስተቀር። በማዕዱ ጫፍ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ጽዋውን ከከንፈሩ አገናኝቶ፣ ዓይኑን ወደ ጎን አዙሮ ይጠጣል።

ሁሉን ነገር ገልብጬ ተናግሬ ኖሯል።

ልጄ ወጥታ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ ልከተላት ስል የልጄ አማት አሁንም ሥዕሉን አተኩራ ታይ ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄ ማን እንደሆነ አላወቁትም?»

«በእርግጠኝነት...»

«አሳዳሪው ነው እንጂ። የድግሱ ኃላፊ። ውኃው ወይን እንደሆነ መጀመሪያ የቀመሰው እሱ ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። አሳላፊዎቹ ያውቃሉ፤ እሱ አያውቅም። ሳያውቅ ቆሞ ያወድሳል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጢሙን ይላጭ እንጂ ቁርጥ እርስዎን ነው።»

ቄሰ ገበዙ ሳቅ አመለጣቸውና ባትሪውን አጠፉ።

ወጥተን ለልጄ ነገረቻት። ልጄ ስልኳን አወጣች። ደብቃ እንድታልፈው ሐሳብ ላቀርብ የነበረ ይመስለኛል፤ እንኳንም አላቀረብኩ። ኃላፊዋ ስታነሣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«ስለ ሥዕሉ የነገርንሽ ትክክል አይደለም» አለች ልጄ። «አባቴ ተሳስቷል። አሁን ፊቱ ቆመን አይተነዋል። የማይጠጣው አንድ ሰው አይደለም። የሚጠጣው ነው አንድ ሰው።»

 «ብሮሸሩ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል» አለች ኃላፊዋ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የደወልኩት።»

«እና አሁን ምን አለን? ጾመኛው ሠዓሊ ከሌለ ሥዕሉ ምኑ ነው ለእንግዳ?»

ልጄ አማቷን አየች። አማቷ ስልኩን ተቀበለች፤ ተቀምጣም ከመጀመሪያው ጀመረች። ሠርጉ ቤት ወይን ሲያልቅ የባለቤቶቹ ፊት እንዴት እንደሆነ፣ አሳላፊዎቹ ጋኑን ውኃ ሲሞሉ እርስ በርስ እንዴት እንደተያዩ፣ አሳዳሪው ምንም ሳያውቅ ቀምሶ ሙሽራውን እንዴት እንዳመሰገነው ተረከች። ከዚያ ሳታቋርጥ ወደ እኛ ዓርብ ተሻገረች፤ አንድ መኪና ሙሉ ሴት እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ እንዴት እንደጠጣ፣ ስለጠጣውም እንዴት እንደመሰከረ፣ ምስክርነቱም ምን ያህል የማይታመን እንደነበረ። ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። ከስልኩ ውስጥ የኃላፊዋ ሳቅ ተሰማ፤ በዚያ ድምፅ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይህንን ማን ይተርከዋል?» አለች ሳቋን ስትጨርስ።

«ማን እንዲተርከው ፈለግሽ?» አለች የልጄ አማት።

«እርስዎ።»

«ሦስት ነገር እላለሁ። ዓርብ አይሁን፤ ለእናንተ ስል ነው። ወይኑ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም፤ ለራሴ ስል ነው። ዶክተር ደግሞ አብረውኝ ይምጡ፤ አይናገሩም፤ ሥዕሉ አጠገብ ይቆማሉ።»

«ለምን?» አልኩ።

«እንግዶቹ ያወዳድሩ እንጂ።»

ልጄ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታለቅሳለች ብዬ ተጠጋሁ። ትስቅ ነበር። ኃላፊዋ የመጀመሪያው ቡድን ሐሙስ እንደሚነሣ ተናግራ ዘጋች። ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ መጥተው፣ ጉዳዩ በጣም እንዳሳሰባቸው በሚያሳይ ፊት፣ ጢሜን ለማሳደግ ሐሳብ ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አሁን ጢሜን እያሳደግሁ ነው።